ወረፋን በቁጥር የለካው ሰው፤ የአግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ሕይወትና ሥራ

በቀወት ቆላ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ የወረፋን ነገር ከማንኛችንም መሐንዲሶች ይበልጥ ያውቃል። ቦዩ አንድ፣ ማሳው ብዙ ነውና ተራው የዘገየበት ሰው ሽንኩርቱ ሲጠወልግ እያየ የውኃ አባቱን ደጅ ይጠናል። ውኃው አንሶ ነው ወይስ ተራው ተዛብቶ ብሎ አስቀድሞ ካልመረመረ ግን ጠቡ ከማይገባው ሰው ጋር ይሆናል። ይኸው ጥያቄ ከዛሬ መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በኮፐንሐገን ከተማ በቴሌፎን ሽቦ ላይ ተነሥቶ ነበር። መልሱን በስሌት ያገኘው ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። ስሙን እንደ መለኪያ ዘወትር የምንጠራው የሙያ ባልደረቦች ብዙ ነን፤ የሰውየውን ታሪክ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን።

ኤርላንግ በዩትላንድ ምድር ለንቦርግ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1878 ተወለደ። አባቱ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህርና የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ነበሩ። በልጅነቱ ወንድሙ መጽሐፍ ሲያነብ እርሱ ከፊት ለፊት ተቀምጦ ያንኑ ገጽ ከግርጌ ወደ ላይ ገልብጦ ያነብ እንደ ነበር ይነገራል። በየኔታ ፊት አንዱን ዳዊት ለሦስትና ለአራት ከበው ፊደል የቆጠሩ አባቶቻችን ይህን ቢሰሙ ብዙም አይደነቁም። የዩኒቨርሲቲውን ቅድመ ፈተና የወሰደው በ14 ዓመቱ ሲሆን፣ ዕድሜው ስላልደረሰ ልዩ ፈቃድ አስፈልጎት ነበር። ከዚያም በአባቱ ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ ካስተማረ በኋላ በ1896 ኮፐንሐገን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1901 በሒሳብ ተመረቀ። ቀጥሎ የነበሩትን ሰባት ዓመታት ያሳለፈው በመምህርነት ነው።

ሕይወቱን የለወጠው የሙያ ማኅበር ነው። ኤርላንግ የዴንማርክ የሒሳብ ማኅበር አባል ነበርና በስብሰባው ላይ ከዮሐን የንሰን ጋር ተዋወቀ። የንሰን በሒሳብ ምርምሩ ስመ ጥር ሲሆን፣ በመደበኛ ሥራው የኮፐንሐገን ቴሌፎን ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ነበር። እርሱም ከኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከፍሪትዝ ዮሐንሰን ጋር አገናኘውና ኤርላንግ በ1908 በኩባንያው ተቀጠረ።

በዚያ ዘመን ጥሪ የሚያገናኙት ሠራተኞች በእጃቸው ነበር። ኩባንያውን ያስጨነቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ለዚህን ያህል ደንበኛ ስንት መስመር ይበቃል? መስመሩ ካነሰ ደዋዩ ይጉላላል፤ ከበዛም ገንዘብ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ኤርላንግ በ1909 ባወጣው ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ደዋይ መቼ እንደሚደውል ማንም ባያውቅም የብዙዎቹ ጥሪ ተደምሮ ሲታይ የታወቀ የዕድል ሕግ እንደሚከተል አስረዳ። በ1917 ደግሞ የሚጠፋውን ጥሪና የሚጠበቀውን ጊዜ የሚያሰሉ ቀመሮቹን አሳተመ።

ከቀመሮቹ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው ተባብሮ መጠቀም የሚሰጠው ጥቅም ነው። ከመቶ ጥሪ አንዱ ብቻ እንዲጠፋ ቢፈቀድ፣ 10 መስመሮች የሚሸከሙት ጭነት 4.46 ኤርላንግ ነው፤ 20 መስመሮች በአንድነት ግን 12.03 ይሸከማሉ፤ ይኸውም ከእጥፍ እጅግ ይበልጣል። ሁለተኛው የመጥበብ ጠባይ ነው። ሥራው በዘፈቀደ ሲመጣና የጉዳዩም ርዝመት እንዲሁ ሲለያይ፣ ግማሽ ጊዜውን ብቻ ሥራ የያዘ አንድ አገልጋይ ባለጉዳዩን የሚያቆመው በአማካይ አንድ የአገልግሎት ጊዜ ያህል ነው። ከመቶ 90 ሲይዝ ጥበቃው 9 እጥፍ፣ 95 ሲይዝ 19 እጥፍ ይሆናል። የጨመረው ጭነት ጥቂት ሲሆን ወረፋው ከመጠን ያልፋል።

ይህን ሁለተኛውን ትምህርት በክፍል ውስጥ ተምሬው ነበር፤ የተረዳሁት ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ነው። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ያህል ኮምፒዩተሮች ወደ ኢንተርኔት የሚወጡት ፕሮክሲ ሰርቨር በተባለ በአንድ አማላጅ ኮምፒዩተር በኩል ነበር። አማላጁ አንድ ጊዜ ያመጣውን ገጽ በዲስኩ ላይ እንደ ጎተራ እህል ያስቀምጥና ለሚቀጥለው ጠያቂ ከዚያው ይሰጣል። አገልግሎቱ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ስለሚንቀራፈፍ፣ እኔ ጎተራው ይስፋ ብዬ ወደ 200 ጊጋባይት አሳደግሁት። ባሰበት። በዚህ ጊዜ መስመሩ ጠቧልና ሌላ ይገዛ ብዬ ጻፍሁ፤ የመሥሪያ ቤቱም ኃላፊ አምነውኝ ክፍያውን ለማጽደቅ ተዘጋጁ።

ከመፈረማቸው በፊት ግን አንድ የገንዘብ ቤት ሠራተኛ መስመሩ ምን ያህል እንደተያዘ በቁጥር እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አልለካሁም ነበርና አፈርሁ። ሁለት ቀን ተቀምጬ ብለካ፣ መስመሩ እኩሌታው እንኳ አልተያዘም፤ ዲስኩ ግን ከመቶ 95 በላይ ሥራ እንደያዘ ይውላል። ምክንያቱም ግልጽ ሆነ። ስኩዊድ የተባለው የፕሮክሲ ፕሮግራም በዲስክ ለሚያኖረው ለእያንዳንዱ ጊጋባይት፣ ማውጫውን ለመያዝ 14 ሜጋባይት ያህል ሜሞሪ ይፈልጋል። ለ200 ጊጋባይት 2,800 ሜጋባይት ማለት ነው፤ ኮምፒዩተሩ የነበረው ግን 2 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ስለዚህ ማውጫው ራሱ ከሜሞሪ ወደ ዲስክ እየተገለበጠ ጎተራውን አጨናነቀው። ጎተራውን ወደ 50 ጊጋባይት ብቀንሰው ወረፋው ተበተነ። ግዢውም ቀረ።

ኤርላንግ ይህን ስሕተት የሚሠራ ሰው አልነበረም። ቢሮ ተቀምጦ ብቻ አይቀምርም ነበርና፣ በመሬት ውስጥ በተቀበሩት ገመዶች ላይ የሚባክነውን ኤሌክትሪክ ሊለካ መሰላል የተሸከመ ሠራተኛ አስከትሎ በኮፐንሐገን ጎዳናዎች ይዞር፣ ወደ ጉድጓዶቹም ራሱ ይወርድ ነበር። ትዳር አልያዘም፤ ዕድሜውን ለሥራውና ለመጻሕፍቱ ሰጠ። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሕመም ምክንያት ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። በጃንዋሪ 1929 ግን ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ፌብሩዋሪ 3 ቀንም በ51 ዓመቱ ዐረፈ። በ1946 ዓለም አቀፉ የቴሌፎን አማካሪ ጉባኤ የጭነትን መለኪያ በስሙ ሰየመ። አንድ ኤርላንግ ማለት አንድ መስመር ያለማቋረጥ ሲያዝ የሚሸከመው ጭነት ነው።

በዘመናችን የኢንተርኔት ገጾች አብዛኞቹ ተመስጥረው ስለሚተላለፉ የእንዲህ ያለው ጎተራ ጥቅም ቀንሷል። ወረፋ ግን አልቀረም፤ መልኩን እየለወጠ በየመሥሪያ ቤታችን ይጠብቀናል። መለኪያ በስሙ የተጠራለት ሰው ከእኛ ከሙያ ልጆቹ የሚጠብቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ የሕዝብን ገንዘብ አውጡ ብለን ከመጻፋችን በፊት መለካታችንን ይመስለኛል።