ማኅሌታይ ያሬድና የደጋው አገር

ማኅሌታይ ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም እንደ ተወለደ ሊቃውንት ይተርካሉ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተ፥ እናቱ ለዘመዱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ነገር ግን ትምህርቱ አልገባው ብሎ አብዝቶ ስለ ተገረፈ ኰብልሎ ሄደ። በመንገድም ከዛፍ ጥላ ዐርፎ ሳለ፥ አንዲት ትል 6 ጊዜ ወድቃ በ7ኛው ከዛፉ ላይ ስትወጣ አየ። ወዲያው ተመልሶ በትጋት ተማረ፤ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ የሚባለውንም የዓመቱን ማኅሌት ደረሰ።

አንድ ቀን በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፥ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ዜማው እስኪፈጸም ድረስ ሁለቱም አላወቁም ይባላል። ንጉሡ ደንግጦ የወደደውን እንዲለምን ቢፈቅድለት፥ ያሬድ ወርቅና ሹመት ትቶ ወደ ስሜን ተራራ መሄድን መረጠ። በዚያም ብርድ በጸናበት አገር ደቀ መዛሙርት ሲያስተምር ኖሮ፥ በ571 ዓ.ም. ግንቦት 11 ቀን ተሰወረ።

ከዚያ ወዲህ ለዜማው መጠጊያ የሆነው ደጋው ነው። በግራኝ ጦርነት ብዙ መጻሕፍት በተቃጠሉ ጊዜ፥ ድጓው በጋይንት ቤተ ልሔም ተጠብቆ እንደ ተገኘ ይነገራል። በዐፄ ገላውዴዎስም ዘመነ መንግሥት፥ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት አዘጋጁ። የዝማሬና የመዋሥዕት መመስከሪያ ዙር አምባም በዚያው በጋይንት ይገኛል። ካህናት በመቋሚያ እየዘመሙ፥ በከበሮና በጸናጽል ሲያሸበሽቡ፥ ያሬድ በሹመት ያልለወጠው ሀብት ሕያው ሆኖ ይታያል።