ፍሎረንስ ናይቲንጌል፦ ስም ያላገኘ ሕመምና የ90 ዓመት ዕድሜ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል የዘመናዊ ነርስነት መሥራች ተብላ በመላው ዓለም ትታወቃለች። ነርሲንግ የተማረ ሁሉ ስሟን ሰምቷል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከ35 ዓመቷ ጀምሮ እሷ ራሷ ታማሚ እንደነበረች ነው። ሐኪሞቿ ለሕመሟ ቁርጥ ያለ ስም ሳይሰጡት ኖራ አለፈች። የፋይብሮማያልጂያ ዓለም አቀፍ የግንዛቤ ቀን በልደቷ ዕለት ማለትም በሜይ 12 (ግንቦት 4) የሚከበረው በዚህ ምክንያት ነው።

መላ ሰውነትዎን ለወራት እየቆረጠመዎት የላብራቶሪ ውጤትዎ ግን ሁልጊዜ «ነፃ» የሚባል ከሆነ፣ ወይም እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በቤትዎ ካለ፣ የዚህችን ሴት ታሪክ ማወቅ ይጠቅምዎታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከክሪሚያ በፊት

ፍሎረንስ ሜይ 12 ቀን 1820 ከሀብታም እንግሊዛውያን ቤተሰብ ተወለደች። ስሟ የተወለደችባት የጣሊያን ከተማ ስም ነው። አባቷ በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ያልተለመደ ትምህርት ሰጣት፤ ቋንቋ፣ ታሪክና ሒሳብ ተማረች። ነርስ ለመሆን መፈለጓን ስትናገር ግን ቤተሰቧ ደነገጠ። ያን ጊዜ ነርስነት ለጨዋ ልጅ የማይመጥን ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። እሷ ግን በ1851 ጀርመን አገር ካይዘርስቬርት በሚባል ቦታ የነርስነት ሥልጠና ወሰደች። በ1853 ደግሞ ለንደን ውስጥ የታመሙ ሴቶች የሚታከሙበትን አንድ ተቋም በኃላፊነት መምራት ጀመረች።

በ1854 የክሪሚያ ጦርነት ሲፋፋም የእንግሊዝ መንግሥት 38 ነርሶችን አስከትላ እንድትሄድ ላካት። በኖቬምበር ወር ዛሬ የኢስታንቡል ክፍል ወደሆነችው ስኩታሪ ደረሰች። በወታደራዊው ሆስፒታል ያገኘችው ቆሻሻ፣ ቅማል፣ የተደፈነ የፍሳሽ ቦይና መሬት ላይ የተኙ ቁስለኞችን ነበር። ከጥይት ይልቅ ተቅማጥ፣ ታይፈስና ኮሌራ ብዙ ወታደር ይገድሉ ነበር።

ሕመሙ የጀመረበት ዓመት

በ1855 መጀመሪያ ላይ በእኛ አገር ደጃዝማች ካሳ በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ፍሎረንስ የክሪሚያን ግንባር ለመጎብኘት ወደ ባላክላቫ ሄዳ በከባድ ትኩሳት ወደቀች። በሽታው በጊዜው «የክሪሚያ ትኩሳት» ይባል ነበር። ለሞት ተቃርባ ተረፈች። ወደ አገር ቤት እንድትመለስ ቢመክሯትም እምቢ ብላ ጦርነቱ እስኪያበቃ ሥራዋ ላይ ቆየች። በ1856 ወደ እንግሊዝ ተመለሰች፤ ጤናዋ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

በኦገስት 1857 ከሥራ ብዛት ጋር ተዳምሮ ጨርሶ ተዝለፈለፈች። የልብ ምት መፍጠን፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ ማጣትና ከባድ ድካም ተፈራረቁባት። ማልቨርን ወደሚባል የውኃ ሕክምና የሚሰጥበት ስፍራ ሄደች። በዙሪያዋ የነበሩት ብዙ እንደማትቆይ አስበው ነበር፤ እሷም ሞቷን ትጠብቅ ነበር።

በ1861 መጨረሻ ሌላ ነገር ተጨመረ፤ ከባድ የጀርባ አጥንት ሕመም። ለበርካታ ዓመታት መራመድ ተሳናት፤ ከክፍል ወደ ክፍል በሰው ትወሰድ ነበር። ሕመሙ ሲበረታ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ የኦፒየም መርፌ ትወጋ ነበር።

«የነርቭ ነው» የሚለው መልስ

በዚያ ዘመን ባክቴሪያ በሽታ እንደሚያመጣ ገና በውል አልታወቀም፤ አስተማማኝ የደም ምርመራም ሆነ ራጅ አልነበረም። ሐኪሞቿ ልቧ ደክሟል፣ ነርቮቿ ዝለዋል፣ ሥራ በዝቶባታል ይሉ ነበር። ዕረፍት ከማዘዝ ሌላ የሚያደርጉት ብዙ አልነበራቸውም። ከሞተች በኋላ ደግሞ አንዳንድ ጸሐፊዎች ሕመሙ የጭንቀት ውጤት ነው አሉ። ሌሎችም እንግዳ ላለመቀበልና በሥራዋ ላይ ለማተኮር ያመጣችው ሰበብ ነው እስከ ማለት ደረሱ። ከውጭ የሚታይ ቁስል የሌለው ሕመም ያለበት ሰው ይህን ንግግር ያውቀዋል።

በ1995 የብሪታኒያ ሕክምና መጽሔት ላይ ዲ. ኤ. ቢ. ያንግ የተባሉ ተመራማሪ ሌላ ማብራሪያ አቀረቡ። የክሪሚያው ትኩሳትና ከዚያ በኋላ የተከተለው የጀርባ ሕመም፣ ድካምና የልብ ምት መዛባት ሥር ከሰደደ ብሩሴሎሲስ ጋር ይስማማል የሚል ነው። የበሽታው ተሕዋስ የተገኘው በ1887 ማልታ ደሴት ላይ በሠራዊት ሐኪሙ ዴቪድ ብሩስ ነው። ወደ ሰው የሚተላለፈው በጥሬ የፍየል ወተት መሆኑም የታወቀው በ1905 ገደማ ነው። ያን ጊዜ ፍሎረንስ 85 ዓመት ሞልቷት ነበር።

ፋይብሮማያልጂያ ነበረባት የሚሉም አሉ። ከሞተ ሰው ደም መቅዳት ስለማይቻል ክርክሩ አይቋጭም። ለሕያው ታማሚ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ብሩሴሎሲስ በመድኃኒት የሚድን ሲሆን ፋይብሮማያልጂያ ደግሞ ሌላ ዓይነት እንክብካቤ ይፈልጋል።

ይህ ለጣና ዳር ነዋሪ ለምን ያስፈልጋል?

ብሩሴሎሲስ በኢትዮጵያ ከብቶች፣ ፍየሎችና በጎች ላይ የሚገኝ በሽታ ነው። በወተት ከብቶቹ የሚታወቀውን ፎገራን ጨምሮ በጣና ዙሪያ ሰውና ከብት ተቀራርበው ይኖራሉ፤ ጥሬ ወተት መጠጣትም የተለመደ ነው። በሽታው የሚይዘው ያልፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ እርጎ ወይም አይብ የሚመገብን ሰው ነው። የጨነገፈ ጥጃ ወይም የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ የሚነካም ይያዛል። ምልክቶቹ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም እንዲሁም ድካም ናቸው። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቢያንስ ለ6 ሳምንት መውሰድ ነው። ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲሄዱ ጥሬ ወተት እንደሚጠጡ ወይም ከብት እንደሚያዋልዱ ሳይጠየቁም ይናገሩ።

መላ ሰውነትን የሚያምና የሚያደክም ሌላም ብዙ በሽታ አለ። የታይሮይድ ማነስ፣ የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት፣ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ የአከርካሪ ቲቢና የመንፈስ ጭንቀት ይጠቀሳሉ። በአገራችን ብዙ ታማሚ ድካምና ቁርጥማት ባለው ቁጥር የታይፎይድና የታይፈስ ሕክምና ይደጋገምለታል። ለእነዚህ በተለምዶ የሚሠራው የደም ምርመራ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ታክመው ሕመሙ ከተመለሰ፣ ያው መድኃኒት እንዲደገም ከመጠየቅ ሌላ ምክንያት እንዲፈለግ ይጠይቁ።

ፋይብሮማያልጂያ በምን ይታወቃል?

በፋይብሮማያልጂያ ጊዜ ጡንቻውና አጥንቱ አልተጎዱም። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሕመምን መልእክት ከሚገባው በላይ ያጎሉታል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ በራጅና በደም ምርመራ ግን አይታይም። ከ100 ሰው ከ2 እስከ 4 የሚሆኑትን እንደሚይዝ ይገመታል፤ በሴቶች ላይ ይበዛል።

ቀድሞ በ1990 በወጣው መስፈርት ሐኪሙ 18 ነጥቦችን እየተጫነ ቢያንስ 11ዱ ማመማቸውን ይመለከት ነበር። በ2016 የተሻሻለው መስፈርት የሚያተኩረው ታማሚው በሚናገረው ላይ ነው። ከአምስቱ የሰውነት ክፍሎች ቢያንስ በአራቱ የሚሰማና ቢያንስ 3 ወር የቆየ ሕመም መኖሩ ይታያል። ከዚህም ጋር የድካም፣ እንቅልፍ ተኝቶ አለመርካትና የማስታወስ ችግር መጠን ይመዘናል። ሌላ በሽታ መገኘቱም ፋይብሮማያልጂያ የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ምርመራውን ለማገዝ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ። የት እንዳመመዎት፣ እንዴት እንዳደሩ፣ ምን ሲሠሩ እንደባሰብዎትና የወሰዱትን መድኃኒት ይጻፉ። የቀድሞ ውጤቶችዎን በአንድ ማህደር ይሰብስቡ። ከደቅ ደሴት በጀልባ ወይም ከዘጌ መጥተው ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ለሚታከም ሰው፣ የተሟላ ወረቀት ይዞ መምጣት ሌላ ጉዞ ያስቀራል። ከጤና ጣቢያ የሚጻፈውን ሪፈር አይርሱ።

ከአልጋ ላይ የተሠራ ሥራ

ፍሎረንስ እስክትድን አልጠበቀችም። ኃይሏን ቆጥባ መሥራትን ተማረች። እንግዳ በቀጠሮና አንድ በአንድ ትቀበል ነበር። ሌላውን ሁሉ በደብዳቤ ትጨርሳለች። በ1858 የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። የወታደሩን ሞት በምክንያት ለይታ በሥዕል ያሳየችባቸው ሠንጠረዦች መንግሥትን አሳምነዋል። በ1860 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በስሟ የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሕመሟ አልለቀቃትም ነበር።

ዛሬ ያለው ሕክምና ከእሷ ዘመን የተሻለ ነው። ዋናው መድኃኒት እንቅስቃሴ ነው፤ በቀን በጥቂት ደቂቃ የእግር ጉዞ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር። የመኝታና የመነሻ ሰዓትን ማጽናትም ይረዳል። በደህናው ቀን የሳምንቱን ልብስ ሁሉ አጥቦ በማግሥቱ ከመውደቅ ሥራን ከፋፍሎ መሥራት ይሻላል። ሐኪም እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ መድኃኒት በዝቅተኛ መጠን ሊያዝ ይችላል። በየጊዜው የዳይክሎፌናክ መርፌ መወጋት ግን ለፋይብሮማያልጂያ ብዙም አይረዳም፤ ጨጓራንና ኩላሊትንም ይጎዳል። ፀበል የሚጠመቁ ከሆነ የታዘዘልዎትን መድኃኒት ሳያቋርጡ ይሁን።

ለቤተሰብ

ሕመምተኛዋ ጠዋት እንጀራ ጋግራ ከሰዓት በኋላ መነሳት ሲያቅታት ሰንፋ ወይም አስመስላ አይደለም፤ የበሽታው ጠባይ እንዲህ ነው። «ምንም የለብሽም ተብለሻል» የሚለው ቃል ሕመሙን አይቀንስም፤ መናገሯን ግን ያስቀራታል። ከባዱን ሥራ ተካፈሏት፤ ሐኪም ዘንድም አብራችኋት ግቡ።

ከሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ ያልታሰበ ክብደት መቀነስ፣ የመገጣጠሚያ እብጠት፣ የእግር መዛል ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል ከመጣ ፋይብሮማያልጂያ ነው ብለው አይቀመጡ፤ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

የፍሎረንስ ሕመም ከ1880 ገደማ ጀምሮ እየቀለለ ሄደ። በስተርጅናዋ ዓይኗ ጠፋ። በ1907 ከፍተኛ የእንግሊዝ ኒሻን ከተሸለሙት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በኦገስት 13 ቀን 1910 በ90 ዓመቷ በእንቅልፍ ላይ ሳለች አረፈች። በ1857 ብዙ አትቆይም የተባለችው ሴት ከዚያ በኋላ 53 ዓመት ኖራለች።