ፖል ብሮካ፤ አንደበትን በአንጎል ውስጥ የፈለገው ሐኪም

የማኅበራችን አባላት አብዛኞቹ መሐንዲሶች እንደመሆናቸው መጠን፣ በዓመታዊ መጽሔታችን ውስጥ የአንድ ቀዶ ሐኪም የሕይወት ታሪክ መቅረቡ ጥቂት ያስገርማቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ ፖል ብሮካን በዓለም ያስጠራው ሥራ ከእኛ ሙያ የራቀ አይደለም። የተበላሸውን መርምሮ ደኅናው እንዴት ይሠራ እንደነበር መረዳት የዘወትር ተግባራችን ነውና። ልዩነቱ፣ እኛ ብልሽት የምንፈልገው ፕላኑን ዘርግተን፣ መለኪያችንን ይዘን፣ ሲያስፈልግም ማሽኑን ፈታተን ነው፤ ብሮካ ግን ይመረምር የነበረው ፕላን የሌለውንና ክዳኑ ሊነሣ የሚችለው ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ብቻ የሆነውን የሰውን አንጎል ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ብሮካ በ1824 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው ሴንት ፉዋ ላ ግራንድ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገለ ሐኪም ሲሆን፣ እናቱ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ልጅ ነበረች። ገና በወጣትነቱ በሥነ ጽሑፍ፣ በሒሳብና በፊዚክስ የትምህርት ማስረጃ አግኝቶ፣ በ17 ዓመቱ በፓሪስ የሕክምና ትምህርት ጀመረ። በሒሳብ ላይ የነበረው ፍቅር ግን ሐኪም ከሆነም በኋላ አልለቀቀውም፤ ይህም ፍቅር፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ለበጎም ለክፉም ሆኖበታል። የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ከሆነ በኋላ በማይክሮስኮፕ ስለ ነቀርሳ ያደረገው ምርምር ብቻውን ስሙን ለማስጠራት በበቃ ነበር።

በ1859 ዓ.ም. ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር የፓሪስን የአንትሮፖሎጂ ማኅበር አቋቋመ። በዚያን ዘመን ስለ ሰው ልጅ አፈጣጠር በነጻ መወያየት በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ስለነበረ፣ መንግሥት ፈቃዱን የሰጠው አንድ ፖሊስ በየስብሰባው እየተገኘ እንዲያዳምጥ አድርጎ ነው። ያ ፖሊስ ስለ ራስ ቅልና ስለ አንጎል ሲወራ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ እያሰብሁ አዝንለታለሁ።

በ1861 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዚህ ማኅበር አንድ ከባድ ክርክር ተነሣ። መነሻው ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት የነበረ ነው። ጋል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም፣ አንጎል አንድ ወጥ አካል ሳይሆን ለየተግባሩ የተመደቡ ክፍሎች ያሉት ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። እስከዚህ ድረስ አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን እርሱና ተከታዮቹ ከዚያ አልፈው የራስ ቅልን ጉብታ በጣት እየዳሰሱ የሰውን ጠባይ መናገር ስለጀመሩ፣ ነገሩ ወደ ጥንቆላ አዘነበለ፤ ብዙ ሊቃውንትም ጥንቆላውን ሲንቁ ዋናውን አሳብ አብረው ናቁት። ቡዮ የተባለው የፓሪስ ሐኪም ግን የንግግር ስፍራ የአንጎል የፊት ክፍል ነው ከሚለው አቋሙ አልተነቃነቀም፤ በ1848 ዓ.ም. ይህን የሚያፈርስ ማስረጃ ላመጣ ሰው 500 ፍራንክ እስከ መመደብ ደርሶ ነበር። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ግራስዮሌ የተባለው የሥነ አካል ሊቅ አንጎል የሚሠራው በጠቅላላው ነው ሲል፣ የቡዮ ልጅ ባል ኦበርተን የአማቱን አሳብ ይዞ ተከራከረው። ብሮካ ገና ቁርጥ ያለ አቋም አልነበረውም።

በዚህ መካከል፣ አፕሪል 11 ቀን 1861 ዓ.ም.፣ በፓሪስ ዳርቻ በሚገኘው በቢሴትር ሆስፒታል፣ አንድ የ51 ዓመት ሕመምተኛ ብሮካ ወደሚሠራበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ተወሰደ። ቀኝ እግሩ በክፉ ቁስል በስብሶ ነበር። ስሙ ለቦርኝ ነው፤ የሚያውቁት ሁሉ ግን የሚጠሩት ታን እያሉ ነበር። ምክንያቱም ምንም ቢጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ ድምፅ ደጋግሞ በመናገር ብቻ ነበርና። ሲቆጣ ግን አንድ የእርግማን ቃል ጥርት ብሎ ይወጣው ነበር። ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ያሠቃየው ይህ ሰው፣ በ30 ዓመቱ ገደማ ንግግሩን አጥቶ ወደ ሆስፒታሉ ከገባ 21 ዓመት ሆኖት ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ቀኝ ክንዱ፣ ቀጥሎም ቀኝ እግሩ ሽባ ሆነ። አብረውት የሚኖሩት ሕመምተኞች ቂመኛና ሌባ ነው እያሉ ይጠሉት ነበር።

ብሮካ ይህን ሰው የመረመረበት መንገድ ሊነገርለት የሚገባ ነው። ምላሱን አንቀሳቀሰ፤ ይንቀሳቀሳል። ድምፁን አዳመጠ፤ ደኅና ነው። ስለዚህ ብልሽቱ በመሣሪያዎቹ ላይ አልነበረም። በሆስፒታሉ ስንት ዓመት እንደኖረ ሲጠይቀው፣ ለቦርኝ ደኅና የሆነውን የግራ እጁን አራት ጊዜ ዘርግቶ አንድ ጣት ጨመረ፤ 21 ማለቱ ነው። የእጅ ሰዓት ሲያሳየውም ሰዓቱን በጣቶቹ ቆጥሮ ነገረው። እንግዲህ መስማትም፣ ማስተዋልም፣ መቁጠርም ይችላል። የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሳቡን ወደ ቃል የሚለውጠው ችሎታ። ዛሬም ቢሆን እንዲህ ያለ ሕመም የደረሰበትን ሰው ቤተ ዘመድ አእምሮውን ሳተ ብሎ ከምክር የሚያገልልበት፣ በፊቱም እንደሌለ ቆጥሮ ስለ እርሱ የሚነጋገርበት ጊዜ ብዙ ነው። ብሮካ ግን 21 ዓመት ሙሉ እንደ ደንቆሮ የተቆጠረው ሰው የሚባለውን ሁሉ ይረዳ እንደነበር በጣቶቹ ቆጠራ አረጋገጠ። በእኔ ግምት ከአንጎሉ ምርመራ የማያንስ ሥራ ይህ ነው።

ሕመምተኛው እንደማይተርፍ ግልጽ ስለነበረ፣ ብሮካ ኦበርተንን ጠርቶ እንዲመረምረውና ብልሽቱ የት እንደሚገኝ አስቀድሞ እንዲናገር ጠየቀው። ኦበርተንም የፊተኛው የአንጎል ክፍል መጎዳት አለበት አለ። ትንበያው ክዳኑ ሳይነሣ በፊት በምስክር ፊት መሰጠቱን አንባቢ ልብ ይበል። ለቦርኝ አፕሪል 17 ቀን ሞተ። አስከሬኑ ተመርምሮ፣ አንጎሉ በማግሥቱ ለማኅበሩ ቀረበ። በግራው በኩል፣ በፊተኛው ክፍል ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ጉድጓድ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ጉዳቱ ሰፊ ስለነበረ፣ የንግግሩ መጥፋት ከየትኛው ነጥብ እንደመጣ ወዲያው ማወቅ አይቻልም ነበር። እዚህ ላይ ብሮካ ያደረገው አንድ ጥሩ መሐንዲስ ቀስ በቀስ እየሰፋ የመጣ ስንጥቅ ሲያይ የሚያደርገውን ነው። መጀመሪያ የተጎዳው የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። ጥፋቱ እጅግ የበረታበት ስፍራ የሦስተኛው የፊት እጥፋት የኋለኛ ክፍል ስለነበረ፣ መነሻው ያ መሆን አለበት ብሎ ገመተ። ይህንንም ከበሽታው ታሪክ ጋር አስተያየው። በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ንግግር ብቻ ጠፋ፤ ያን ጊዜ ጉዳቱ ከዚያ እጥፋት እምብዛም አልወጣም ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወደ ጥልቁ ሲስፋፋ ክንድና እግር ተከተሉ። የግራ አንጎል የቀኝን አካል ስለሚያዝ ሽባነቱ በቀኝ በኩል መሆኑም ይስማማል።

አንድ ምሳሌ ብቻውን ሕግ አይሆንም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግድም ለሎን የተባለ የ84 ዓመት ሽማግሌ የታፋ አጥንቱ ተሰብሮ ወደ ብሮካ ክፍል ገባ። የቀሩት ቃላት አምስት ብቻ ነበሩ፤ አዎን፣ አይደለም፣ ሁልጊዜ፣ ሦስት፣ እንዲሁም የተቆራረጠ የገዛ ስሙ። ማናቸውንም ቁጥር ሦስት እያለ ይጠራ ነበር፤ ጣቶቹ ግን ትክክለኛውን ቁጥር ያሳዩ ነበር። ሽማግሌው ሞቶ አንጎሉ ሲታይ፣ ጉዳቱ ከለቦርኝ እጅግ ያነሰ ሆኖ በዚያው ስፍራ ተገኘ። ብሮካ ራሱ እንዲህ ያለ መገጣጠም አልጠበቀም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ምሳሌዎች ሌላ እንግዳ ነገር አሳዩ። በ1863 ዓ.ም. ብሮካ 8 ሕመምተኞችን ሲቆጥር የሁሉም ጉዳት በግራ በኩል ነበር። ሁለቱ የአንጎል ግማሾች ለዓይን የሚመሳሰሉ ስለሆኑ፣ አንዱ ብቻ ይናገራል ማለት ለዘመኑ ሊቃውንት የማይዋጥ ነገር ነበር። ብሮካም ሁለት ዓመት ያህል ካመነታ በኋላ በ1865 ዓ.ም. የምንናገረው በግራው አንጎል መሆኑን በይፋ ጻፈ። በዚያው ጽሑፍ የቀኙ አንጎል በብዙ ትዕግሥት ቢሠለጥን የጠፋውን ንግግር በከፊል ሊተካ እንደሚችል ተስፋ ሰጥቷል፤ ዛሬ የንግግር ሕክምና የምንለው ሙያ ከዚህ ዓይነት ተስፋ የተወለደ ነው። ስለ ቀዳሚነቱ ግን ጠብ ተነሣ። ማርክ ዳክስ የተባለ የደቡብ ፈረንሳይ ሐኪም ይህንኑ አሳብ በ1836 ዓ.ም. ጽፎ ሳይታተም እንደሞተ ልጁ ተናግሮ፣ ጽሑፉን በ1865 ዓ.ም. አሳተመ። ለእኔ እንደሚመስለኝ ዳክስ አሳቡን ቀድሞ አግኝቷል፤ ማንም ሊያየው የሚችል ማስረጃ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው ግን ብሮካ ነው።

በ1874 ዓ.ም. ቬርኒከ የተባለ የ26 ዓመት ጀርመናዊ ሐኪም ሌላ ዓይነት ብልሽት ገለጸ። እነዚህ ሕመምተኞች እንደ ለቦርኝ አንደበታቸው አልተያዘም፤ እንዲያውም ያለማቋረጥ ይናገራሉ፤ ግን ቃሉ ትርጉም የለውም፣ የሰውን ንግግርም አይረዱም። ጉዳታቸው የተገኘው ከጆሮ በላይ ባለው የግራ አንጎል ክፍል ነው። ቬርኒከ ከዚህ ተነሥቶ፣ ሁለቱን ጣቢያዎች የሚያገናኘው መስመር ቢበጠስ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሕመም መኖር አለበት ብሎ አሰላ። በቴሌግራፍ ዘመን የኖረ ሰው አሳብ መሆኑ ያስታውቃል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጃክሰን ግን በዚያው ዘመን ብርቱ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ንግግርን የሚያጠፋውን ጉዳት ስፍራ ማግኘትና የንግግርን ስፍራ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው አለ። በኤሌክትሪክ ጣቢያ የሠራ ባልደረባ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። አንድ ማብሪያ ተቃጥሎ ከተማው ቢጨልም መብራቱ የሚመነጨው ከማብሪያው ነው የሚል የለም።

አሁን የብሮካን ሌላ ገጽታ ሳንሸፋፍን ማየት አለብን። ይህ ሰው የራስ ቅልን ለመለካት ብዙ መሣሪያ የፈለሰፈ፣ ይዘቱን በእርሳስ እንክብሎች እየሞላ የለካ፣ ጥንቃቄው የሚያስደንቅ ባለሙያ ነበር። ነገር ግን የነጭ ወንድ አእምሮ ከጥቁር ሕዝቦችና ከሴቶች ይበልጣል የሚለውን እምነት ከልኬቱ በፊት ይዞት ስለነበረ፣ ቁጥሮቹ የእምነቱ አሽከሮች ሆኑ። የ292 ወንዶች አንጎል አማካይ ክብደት 1325 ግራም፣ የ140 ሴቶች 1144 ግራም ሆኖ ሲያገኘው፣ የሴቶች ቁመት ማነሱ የልዩነቱ አንዱ ምክንያት መሆኑን እያወቀ፣ ድርሻውን ለማስላት እንኳ አልሞከረም። በሌላ ጊዜም የክንድ አጥንቶችን ንጽጽር የዘር ደረጃ መለኪያ ሊያደርገው ፈልጎ፣ ውጤቱ ዝቅተኛ ናቸው ያላቸውን አንዳንድ ሕዝቦች ከነጮች በላይ ሲያስቀምጥበት መለኪያውን ጣለው እንጂ እምነቱን አልጣለም። በለቦርኝ አልጋ አጠገብ ትንበያን በምስክር ፊት ያስቀደመው ሰው፣ እዚህ ላይ ያንኑ ሥርዓት ለራሱ እምነት አልተጠቀመበትም። ጉዳዩ እኛን አፍሪካውያንን ስለሚነካ ብቻ ሳይሆን፣ መለኪያ ለሚይዝ ሁሉ የሚያሳስብ ስለሆነ ጠቅሼዋለሁ።

በ1880 ዓ.ም. ብሮካ የፈረንሳይ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የዕድሜ ልክ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር በድንገት በ56 ዓመቱ ሞተ። የራሱም አንጎል በፓሪስ ቤተ መዘክር በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ተቀመጠ።

ለቦርኝ ከሞተ ከ45 ዓመት በኋላ፣ በ1906 ዓ.ም.፣ ፒዬር ማሪ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ያ ሦስተኛ እጥፋት በንግግር ውስጥ ልዩ ድርሻ የለውም ብሎ ተነሣ። ክርክሩ እንደገና ሊመረመር የቻለው ብሮካ በጊዜው በወሰደው አንድ ውሳኔ ምክንያት ነው። የሁለቱን ሕመምተኞች አንጎል ሳይቆራርጥ እንዳለ በአልኮል አስቀምጧቸው ነበር። ለጊዜው ውስጡን ማየት ቀረበት፤ ማስረጃው ግን ለሌሎች ዳነ። በ2007 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ሁለቱን አንጎሎች በማግኔት የራጅ ዓይነት መሣሪያ ሲያዩአቸው፣ ጉዳቱ ብሮካ ከላይ ካየው እጅግ ጠልቆ፣ የአንጎልን የፊትና የኋላ ክፍሎች የሚያገናኙትን የነርቭ መስመሮች በጥሶ ተገኘ። ጉዳቱ በብሮካ ስፍራ ብቻ ሲወሰን ንግግር ብዙውን ጊዜ ተመልሶ እንደሚሻሻል ዛሬ ይታወቃል። ንግግር የአንድ ጣቢያ ሳይሆን የመላው መረብ ሥራ ነው። የግራው አንጎል ብልጫ ግን ጸንቶ ቆይቷል፤ በቀኝ እጃቸው ከሚሠሩ ሰዎች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት የሚናገሩት በግራው ነው። ዛሬም ዋናው የሕመሙ ምክንያት ወደዚያ ክፍል ደም የሚያደርሰው ሥር ሲዘጋ የሚመጣው ስትሮክ ነው።

ለቦርኝን በሚመለከት፣ ከ150 ዓመት በላይ ከቅጽል ስሙና ከአባቱ ስም በቀር የሚታወቅ እምብዛም አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. አንድ ፖላንዳዊ ተመራማሪ መዛግብትን አገላብጦ ማንነቱን አገኘው። ሙሉ ስሙ ሉዊ ቪክቶር ለቦርኝ ነው፤ የተወለደው በ1809 ዓ.ም. ሞሬ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ሲሆን፣ አንደበቱ እስኪያዝ ድረስ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን የእንጨት ፎርማ እየቀረጸ ይኖር ነበር።