አባ ኢየሱስ ሞዓና ደቀ መዝሙራቸው

በሮሃ ንጉሥ ላሊበላ በነገሡበት ዘመን በቤጌምድር ዳኅና በሚባል አገር ከዘክርስቶስና ከእግዚእ ክብራ አንድ ልጅ ተወለዱ፤ እኒህም አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። ወደ ደብረ ዳሞ ወጥተው በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ምንኩስናንና የመጻሕፍት ጽሕፈትን ተማሩ። በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወሎ ወርደው በሐይቅ እስጢፋኖስ ማስተማር ጀመሩ። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ስማቸው የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ገድላቸው እንደሚተርከው፥ ወደ ሐይቅ የመጡት በሸዋና በዳሞት ሲሰብኩ ቆይተው ነው። የሰው መምህር የነበሩት እንደ ጀማሪ ዝቅ ብለው ዐሥር ዓመት ያህል በሐይቅ አገለገሉ። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ! ቀጥሎም የመምህራቸውን መምህር አባ ዮሐኒን ፍለጋ ደብረ ዳሞ ወጡ።

ከዚያ ሲመለሱ ለመምህራቸው ቆብና አስኬማ የሰጡ እሳቸው ናቸው ሲሉ የደብረ ሊባኖስ ጸሐፊዎች ይተርካሉ፤ የሐይቅ ወገን ግን ይህን አይቀበልም። ሁለቱ ገዳማት ስለ ቅድምና ብዙ ተከራክረዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ተክለ ሃይማኖት ያን ሁሉ ተምረው መጀመሪያ የተመለሱት ወደ መምህራቸው መሆኑ ነው። በኋላ በሸዋ ደብረ አስቦን፥ የዛሬውን ደብረ ሊባኖስን መሠረቱ። አባ ኢየሱስ ሞዓም በ1285 ዓ.ም. ገደማ ዐረፉ፤ መታሰቢያቸው ኅዳር 26 ቀን ነው።