ብሩስ ሊ እና የሮተርዳሙ ቅድመ አያት

ሮተርዳም የምትኖሩ ወገኖቻችን ካተንድሬክት የሚባለውን ሰፈር ሳታውቁት አትቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1911 መርከበኞች አድማ ሲመቱ፣ ኩባንያዎቹ አድማውን ለመስበር ያስመጧቸው ቻይናውያን እሳት አንዳጆች የከተሙበት ነው። በ1930ዎቹ ሥራ ሲጠፋ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በሄግ ጎዳናዎች የኦቾሎኒ ጣፋጭ አዝለው ሲሸጡ የነበሩትም እነዚሁ ስደተኞች ናቸው። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን ከዚህ ወደብ ተነስቶ ወደዚያ ስለሄደ ሰው የልጅ ልጅ ልጅ ነው።

ሞዘስ ሃርቶግ ቦስማን በ1839 ሮተርዳም የተወለደ የሆላንድ አይሁዳዊ ነበር። ሆንግ ኮንግ ሄዶ ነገደ፣ ከቻይናዊት ሴትም ልጆች ወለደ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የብሩስ ሊ እናት ግሬስ ሆ የልጅ ልጁ ናት። በዘር ሐረጉ የሚከራከሩ አሉ፤ ክልስ መሆኗን ግን የሚክድ የለም።

ብሩስ ሊ ኅዳር 27 ቀን 1940 ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። አባቱ የካንቶን ኦፔራ ተዋናይ ነበር። ያደገው ሆንግ ኮንግ ሲሆን ገና በልጅነቱ ፊልም ሠርቷል። ዊንግ ቹን የተባለውን ስልት ከኢፕ ማን ዘንድ ሲማር፣ ደሙ ንጹሕ አይደለም ያሉ ተማሪዎች አብረውት ለመለማመድ እምቢ ማለታቸው ይነገራል። በኢሕአዴግ ዘመን የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ከሚለው መስመር ፊት ብዕር ይዞ የተቸገረ የክልስ ልጅ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

በ1959 አሜሪካ ተመለሰ። ሲያትል ውስጥ የመጀመሪያ ተማሪው ጄሲ ግላቨር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ቀጥሎም የጃፓን ተወላጁን ታኪ ኪሙራን፣ የፊሊፒንስ ተወላጁን ዳን ኢኖሳንቶን አስተማረ። ባለቤቱ ሊንዳ እንደጻፈችው በ1964 ኦክላንድ ላይ የተደባደበው የወገንን ጥበብ ለባዕድ አታስተምር ተብሎ ነው፤ ተጋጣሚው ግን ይህን አልተቀበለም። ሆሊዉድ በበኩሉ ከ1966 ጀምሮ የነጭ ጀግና ሾፌርና ረዳት አድርጎ በቴሌቪዥን አቀረበው።

ስለዚህ ወደ ሆንግ ኮንግ ተመለሰ። በ1971 በወጣው ዘ ቢግ ቦስ ለሥራ ታይላንድ የተሰደደ፣ እንዳይደባደብ ለእናቱ ቃል የገባ፣ በበረዶ ፋብሪካ የተቀጠረ ቻይናዊ ሆኖ ተጫወተ። የስደተኛ ላብ እንዲህ ወለል ብሎ የታየበት የካራቴ ፊልም ብዙ አይገኝም። በ1972 ፊስት ኦፍ ፊዩሪ ቀጠለ። እውነቱን እንናገር፤ እዚያ ውስጥ ጃፓናዊ ሁሉ ማለት ይቻላል ጨካኝ ወይም መሳቂያ ነው። የተዋረደ ሕዝብ ቁጭት ቢገባንም ሥዕሉ ግን ፍርደ ገምድል ነው። በዚያው ዓመት ራሱ ባዘጋጀው ፊልም ሮም ላይ ቸክ ኖሪስን ከገደለ በኋላ ልብሱንና ቀበቶውን ሬሳው ላይ አልብሶት ይሄዳል። ይህን ፊልም እኛ ከሁሉም እናስበልጣለን።

ኢንተር ዘ ድራገን ላይ አፍሮ ያጎፈረው ጂም ኬሊ መጣ። ዘረኛ ፖሊሶችን ደብድቦ በገዛ መኪናቸው ሲሄድ አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ ያየው ጥቁር ተመልካች ልቡ ሞልቷል። ነገር ግን ታሪኩ ሳያልቅ ተገደለ፤ ነጩ ጓደኛው ጆን ሳክሰን ግን እስከ መጨረሻው ቆየ። በእኛ ሲኒማ ቤቶች ቋንቋ አክተር አይሞትም፤ ኬሊ ግን አክተር ተብሎ አልተቆጠረም ማለት ነው።

ብሩስ ሊ ፊልሙ ለሕዝብ ሲታይ አላየም። ሐምሌ 20 ቀን 1973 በ32 ዓመቱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አረፈ። የተቀበረው ሲያትል ነው። ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት መካከል ወንድሙ ሮበርት፣ ኪሙራ፣ ኢኖሳንቶ፣ ስቲቭ ማክዊንና ጄምስ ኮበርን ነበሩ።