ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፤ ከመምህርነት ወደ ሕዝብ እንደራሴነት

ምርጫ በደረሰ ቁጥር በተማሪዎች መካከል የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ ድምፅ መስጠት ግዴታ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሥልጣን በሌለው ጉባኤ ተመርጦ መቀመጥ ወንበር ከማሞቅ አያልፍም ብሎ ከምርጫው ይቀራል። ለዚህ ክርክር ማገዶ የሚሆን የአንዲት ሴት ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። እኒህም በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው የኢትዮጵያ ፓርላማ ከገቡት ሴቶች የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው።

ወይዘሮ ስንዱ በጥር ወር 1908 ዓ.ም. በመናገሻ አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ይባላሉ። ከንቲባ ገብሩ በልጅነታቸው በሚሲዮናውያን እጅ ተምረው በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ትምህርታቸውን የቀጠሉ፣ ኋላም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአስተርጓሚነትና በመልእክተኛነት ያገለገሉ፣ በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አሜሪካ ከተላከው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን ጋር የሄዱ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ አባት ሴት ልጁን ከጓዳ አውጥቶ ወደ ትምህርት ቤት ቢልክ ላያስገርም ይችላል። ሆኖም በዚያ ዘመን ወንድ ልጁን እንኳ ለአስኳላ የሚሰጥ ሰው ጥቂት እንደ ነበረ መርሳት አይገባም። ከንቲባ ገብሩ ግን ስንዱንና እኅታቸውን ባሕር አሻግረው ወደ ስዊስ አገር ላኩ። ስንዱ ያን ጊዜ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ።

ትምህርታቸውን ፈጽመው ሲመለሱ አገሩ ብዙ ሰላም አልቆየለትም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወጣቷ ስንዱ በቤት መቀመጥን አልመረጡም፤ የአርበኝነቱ ትግል ወደ ቀጠለበት ወደ ምዕራቡ አገር ወደ ጎሬ ሄደው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ በቀይ መስቀል ሥራም ቁስለኛ ረዱ። በ1929 ዓ.ም. የምዕራቡ ጦር እጁን ሲሰጥ እሳቸውም ተያዙ። በዚያው ዓመት በየካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ ከደረሰው እልቂት በኋላ ብዙ መኳንንትና የተማሩ ሰዎች እየተለቀሙ ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ፤ ስንዱም ከአባታቸውና ከእኅታቸው ጋር በሰርዲኒያ አጠገብ ባለችው በአሲናራ ደሴት ታሰሩ። አውሮፓን መጀመሪያ ያዩት በተማሪነት ነበር፤ ሁለተኛ ያዩት በእስረኛነት ሆነ።

ከነፃነት በኋላ መምህርነትን ያዙ። በመጀመሪያ በደሴ አስተማሩ፤ ቀጥሎም በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ። ይህ ትምህርት ቤት በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተ ሲሆን በፊት በውጭ አገር ሰዎች እጅ ይመራ ነበር። ኢትዮጵያዊት ዲሬክተር በወንበሩ ላይ መቀመጥዋ ለተማሪዎቹ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት እንደ ነበረ እንገምታለን። ወይዘሮ ስንዱ ለተማሪዎቻቸው ቴአትር እየጻፉ ያሳዩ ነበር፤ የጠላትን ዘመንና የአርበኞችን ሥራ የሚያነሣው ድርሰታቸው የልቤ መጽሐፍ ተብሎ በ1942 ዓ.ም. ታትሟል። በአማርኛ መጽሐፍ ካሳተሙት ሴቶች ከቀዳሚዎቹ ያስቈጥራቸዋል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን ባዮች ግን የወንዶቹን ደራስያን ስም በቃላችን ስንደረድር ይህን መጽሐፍ በእጁ የያዘ ከመካከላችን ስንቱ ነው?

እዚህ ላይ ስለ ምርጫው ከመናገራችን በፊት ትንሽ ወደ ጎን ብለን የትምህርት ቤት አስተዳደር በዚያ ዘመን እንዴት እንደ ነበረ እናንሣ። ዛሬ በፉሪም ሆነ በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ፣ ወላጆች በትምህርት ቤት ግቢ ተሰብስበው የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት አባሎችን ይመርጣሉ። የፉሪ ልጆች የሆንን ሁሉ አባቶቻችን ከዚህ ስብሰባ ሲመለሱ እገሌ ተመረጠ፣ እገሌ ወደቀ እያሉ ሲያወጉ ሰምተን አድገናል። በዚያን ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ወግ አልነበረም። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ባለመሬቱ ሁሉ ለትምህርት እንዲከፍል አዘዘ፤ ለዚሁም ገንዘብ በየጠቅላይ ግዛቱ የትምህርት ቦርድ ቆመ። ቦርዱ በሹማምንት የሚመራ እንጂ ገበሬው በድምፁ ሰው የሚያስገባበት አልነበረም። ትምህርት ቤት በአጠገቡ ባይኖርም ግብሩ አይቀርለትም። እንግዲህ ስለ ልጆቹ ትምህርት በድምፁ የሚናገርበት አንድ በር ቢከፈትለት ፓርላማው ነበር።

ያም በር ቢሆን የተከፈተው ዘግይቶ ነው። በ1923 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ግን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ እንዲመረጡ ተደነገገ፤ ወንድ ሴት ሳይለይ ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ድምፅ እንዲሰጥ ተፈቀደ። እጩ ለመሆን ግን በመረጠው ቀበሌ ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር። ጭሰኛው መምረጥ ይችላል፤ መመረጥ ግን አይችልም ማለት ነው። የፖለቲካ ማኅበርም አልነበረም፤ እያንዳንዱ በገዛ ስሙ ቀረበ።

የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በተደረገ ጊዜ ወይዘሮ ስንዱ በአዲስ አበባ ተወዳደሩና አሸነፉ። ፓርቲ አልደገፋቸው፤ የጦር አዛዥነት ወይም የአገር ገዥነት ስም አልነበራቸው። በእኛ አስተያየት የቀደመላቸው ትምህርት ቤቱ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የከተማውን ሴቶች ልጆች ያስተማረች ዲሬክተር በየቤቱ ስሟ መታወቁ አይቀርም። እንደራሴዎቹም ከመካከላቸው የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት አድርገው መረጧቸው። ከሁለት መቶ በላይ እንደራሴዎች በሚቀመጡበት፣ ወንዶች በሞሉበት ጉባኤ፣ ፕሬዚዳንቱ ባልተገኙ ጊዜ ተናገር፣ ተቀመጥ፣ ዝም በል የማለቱ ሥልጣን የአንዲት ሴት መምህር ሆነ።

እስቲ ይህን ከሌላው ዓለም ጋር እናስተያየው። ወይዘሮ ስንዱ ያደጉበት፣ የተማሩበት፣ በሥልጣኔው የሚደነቀው የስዊስ አገር በጥር ወር 1951 ዓ.ም. ወንዶቹን ሰብስቦ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ ይስጡ ወይስ አይስጡ ብሎ ጠየቀ። ወንዶቹም አይሆንም አሉ። ተማሪዋ በአዲስ አበባ በምክር ቤት በተመረጠች በሁለተኛው ዓመት፣ ያስተማሯት ሴቶች በገዛ አገራቸው ወረቀት ከሳጥን መጨመር ተከለከሉ። ይህን መብት ያገኙት በ1963 ዓ.ም. ነው።

ነገር ግን በዚህ ብቻ ደስ ብሎን እንዳንቀር። የስዊስ ሴት ድምፅ ባይኖራትም የአገሯን መንግሥት አባሎች የሚመርጠው ፓርላማዋ ነው። በእኛ ዘንድ ድምፁ ተሰጠ፤ ሥልጣኑ ግን ከቤተ መንግሥት አልወጣም። ሚኒስትሮቹን የሚሾም የሚሽር ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎችም በእርሳቸው ይሾሙ ነበር፤ እንደራሴዎቹ ያጸደቁት ሕግ ያለ እርሳቸው ፈቃድ አይጸናም፤ ምክር ቤቱንም መበተን ይችሉ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ የገቡበት ቤት ይህ ነው። ታዲያ ወንበር ማሞቅ ነበር? የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። እኛ ግን የምናየው ሌላ ነገር ነው። ሴት ለምክር ቤት ትመረጣለች ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ምርጫ በኋላ ተዘጋ፤ ሕገ መንግሥት ቢለወጥ፣ መንግሥት ቢወድቅም አልተከፈተም። ምክር ቤቱ ራሱ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ተበትኗል፤ ይህ መልስ ግን አብሮት አልፈረሰም።

ወይዘሮ ስንዱ ከምክር ቤቱ በኋላም መንግሥትን ያገለገሉ ሲሆን፣ በጀርመን አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ በትምህርት ጉዳይ ሠርተዋል። በሚያዝያ ወር 2001 ዓ.ም. በዘጠና ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

የመሩት ትምህርት ቤት ዛሬም በስድስት ኪሎ በኩል ቆሞ ያስተምራል። ከአብዮቱ በኋላ የእቴጌይቱ ስም ተነሥቶለት የካቲት 12 ተባለ፤ ይኸውም ዲሬክተሯ ገና በሃያ አንድ ዓመታቸው ወደ አሲናራ ከተጋዙበት ዓመት የተወሰደ ቀን ነው።