አበበ ቢቂላን ያሠለጠኑት ወታደር

  እኔ የ8ኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። በዚህ እትም የታዋቂ ሰዎች ሕይወት የሚለውን ዓምዳችንን እንድጽፍ ተራው ደርሶኛል። መልካም ንባብ!

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አበበ ቢቂላ ልጽፍ ነበር። የክበባችን ተጠሪ መምህር ግን ስለ አበበ ያልሰማ ተማሪ እንደሌለ ነገሩኝና ሌላ ሰው እንድፈልግ መከሩኝ። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳገላብጥ በአበበ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ የፈረንጅ ስም አገኘሁ። ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ይባላሉ። ለካ አበበን ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው! ጓደኞቼን ብጠይቅ አንዳቸውም አያውቋቸውም። ተማሪውን አገር ሁሉ ያውቀዋል፣ አስተማሪውን ግን እኛ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አያውቅም። ይሄ ነገር በጣም ከነከነኝ። ለምን እንደከነከነኝ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ኦኒ ኒስካነን የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1910) ፊንላንድ ውስጥ ነው። ፊንላንድ በአውሮፓ ሰሜን ጫፍ ያለች አገር ናት። እኛ ሸኮ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ በረዶ መሬት ሸፍኖ አይተን አናውቅም። እዚያ ግን እኛ ታኅሣሥና ጥር ላይ ቡና ስናደርቅ እነሱ ብርዱ ውስጥ ናቸው። ሐይቁ ሳይቀር ይጠጥርና ሰው በላዩ ላይ በእግሩ ይሄዳል። ኒስካነን ገና ልጅ ሳሉ ቤተሰባቸው ወደ ጎረቤት አገር ወደ ስዊድን ስለሄደ ያደጉት እዚያ ነው። በወጣትነታቸው ሯጭ ነበሩ፤ በኋላ ወታደር ሆኑ።

በኅዳር ወር 1932 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ወረረች። ስዊድን እንደ መንግሥት ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። ነገር ግን ከ8,000 በላይ ስዊድናውያን ማንም ሳያስገድዳቸው ፊንላንድን ለመርዳት ሄዱ። ከነሱ አንዱ ኒስካነን ነበሩ፤ የተወለዱባት አገር ናታ! ያ ጦርነት 105 ቀን ቆየ። ወታደሮቹ የሚዋጉት ከጠላት ጋር ብቻ ሳይሆን ከብርዱም ጋር ነበር። ብርዱ አንዳንድ ቦታ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርስ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። የእኛ የስፖርት ቲቸርም ድሮ ወታደር እንደነበሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምልምል ወታደሮችን ያሠለጥኑ ነበር። ልጆች ተሰብስበን ስለ ውጊያ እንዲያወሩልን ስንጠይቃቸው ግን ስለ ተኩስ አይነግሩንም። የሚነግሩን ስለ ጫማ ማሰሪያ ነው፤ ኮዳ ውስጥ ያለችውን ውኃ እስከ ማታ ስለማድረስ ነው፤ የደከመ ጓደኛን ጥሎ ስላለመሄድ ነው። ድሮ ይሄ ነገር ያስቀን ነበር፤ ጀግና ታሪክ ፈልገን መጥተን ስለ ጫማ ማሰሪያ! የኒስካነንን ሕይወት ካነበብኩ በኋላ ግን ገባኝ። ጦርነት ያየ ሰው ትልቁ ነገር ጉልበት እንዳልሆነ ያውቃል። ትልቁ ነገር ያለህን ጉልበት መቼ እንደምታወጣው ማወቅ ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአገራችን ከተባረረ በኋላ ንጉሡ ጦሩንና ትምህርት ቤቶችን እንደገና ለማደራጀት ከውጭ አገር መምህራን ያስመጡ ነበር። ስዊድን በዚያን ዘመን አፍሪካ ውስጥ ቅኝ ግዛት አልነበራትም። ከወረራውም በፊት በ1927 ዓ.ም. የሆለታን ጦር ትምህርት ቤት ያስተማሩት የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ኒስካነን ወደ አዲስ አበባ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሆን ሥራቸው የክብር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችን የሰውነት ማጎልመሻ ማስተማር ነበር። ያኔ ዕድሜያቸው 36 አካባቢ ነው። ብዙ ፈረንጆች ውላቸውን ጨርሰው ሲመለሱ እሳቸው ቀሩ፤ ከ20 ዓመት በላይ እዚሁ አገራችን ውስጥ ሠሩ።

ኢትዮጵያ ኦሎምፒክ የገባችው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1949 ዓ.ም. ነው፤ ውድድሩ የነበረው አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ከተማ ነው። ያኔ አንድም ሜዳሊያ አላገኘንም። በዚያን ጊዜ ክብር ዘበኛ ውስጥ አበበ ቢቂላ የሚባል፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ የተወለደ ወጣት ወታደር ነበረ። ኒስካነን ከሌሎች ወታደሮች ጋር እሱንም ያሠለጥኑት ጀመር። ዳገት ያስሮጡታል፣ ሰዓት ይይዙለታል፣ የልብ ምቱን ይቆጥሩለታል። ዛሬ ከትናንት የተሻለው በስንት ሰከንድ እንደሆነ ጽፈው ይይዛሉ። የእኛ ቲቸር ደብተር ትዝ አላችሁ አይደል?

ከዚያ ሮም መጣ። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ብዙ ሰው አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ስላልነበረው ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። እኛ አገር በባዶ እግር መሮጥ ብርቅ ስላልሆነ አልደነቀኝም ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። እዚያ ያገኘው አዲስ ጫማ ልክ አልሆነለትም፣ እግሩንም ላጠው። አበበ ደግሞ በባዶ እግሩ መሮጥ ለምዷል። ስለዚህ አስተማሪና ተማሪ ተመካክረው ጫማው እንዲቀር ወሰኑ። እስቲ አስቡት፣ ዓለም ሁሉ በሚያየው ውድድር ላይ ተማሪውን ባዶ እግሩን ማሰለፍ! ተማሪውን በደንብ የማያውቅ አስተማሪ ይሄን አይደፍርም።

ከውድድሩ በፊት ሁለቱ መንገዱን እየዞሩ አይተውት ነበር። መጨረሻው አካባቢ አንድ ሐውልት ቆሞ አገኙ። የእኛው የአክሱም ሐውልት ነው! ፋሺስት ጣሊያን በወረራው ጊዜ የወሰደው። ከሐውልቱ በኋላ መንገዱ ትንሽ ዳገት አለው። አበበ እስከዚያ ድረስ ጉልበቱን ቆጥቦ እዚያ ላይ እንዲፈተለክ ተስማሙ።

ውድድሩ ሙቀቱን ለመሸሽ ወደ ማታ ነው የተጀመረው። ሲመሽ የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ዳር ቆመው መንገዱን ያበሩ ነበር። አበበ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ለጥፎ ይሮጣል። ኒስካነን እንዲጠነቀቅ የነገሩት የሞሮኮው ሯጭ ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ ነበር። ሰውየው ግን ሌላ ቁጥር፣ 185፣ ለብሶ መጣ። አበበ 26 ቁጥርን ሲፈልግ ዋናው ተቀናቃኙ አጠገቡ እየሮጠ ነበር! ቢሆንም አልደነገጠም፣ ቀድሞም አልፈተለከም። የተባባሉትን ጠበቀ። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ ራዲ 25 ሰከንድ ዘግይቶ ተከተለው። ሌላው የአገራችን ልጅ አበበ ዋቅጅራ 7ኛ ወጣ። እንቁጣጣሽን ኢትዮጵያ በወርቅ ተቀበለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡልኝ። አበበ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ኒስካነን አጠገቡ አልነበሩም። ሊጮሁለት፣ ሊገፉት አይችሉም። የአስተማሪ ሥራ ያኔ አልቋል፤ ፈተናውን የሚፈተነው ተማሪው ነው። ኦሎምፒክ ላይ ደግሞ ለአሠልጣኝ ሜዳሊያ አይሰጥም። የአሠልጣኝ ሜዳሊያ ሌላ ሰው አንገት ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ አበበ ትርፍ አንጀቱን ታክሞ ገና 6 ሳምንት ሳይሞላው ተሰለፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ፤ ሁለተኛው የገባው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። አበበ ሜዳው ሣር ላይ ተንጋሎ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሕዝቡ አፉን ይዞ ቀረ። ማራቶንን ሁለት ኦሎምፒክ በተከታታይ ያሸነፈ ከሱ በፊት አልነበረም። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩን ስላመመው አቋረጠ። ያኔ ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው፤ እሱም የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አበበ የመኪና አደጋ ደረሰበትና ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እዚያም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ወርውሮ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። አበበ ከኒስካነን በ22 ዓመት ያንስ ነበር፤ ግን ቀድሟቸው ሄደ። ይሄን ሳነብ ደብተሬን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ኒስካነን ወታደር ማሠልጠናቸውን ካቆሙ በኋላም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ለቀይ መስቀል ሠርተዋል፤ ሰው በሚሸሻቸው በሥጋ ደዌ ሕሙማን መካከልም ሠርተዋል። በወጣትነታቸው ጠመንጃ ይዘው የዘመቱ ሰው በእርጅናቸው የታመመ ሰው ሲረዱ ነበር። በ1976 ዓ.ም. በ73 ዓመታቸው ስዊድን ውስጥ አረፉ።

አሁን ቃል የገባሁትን ልናገር። ባለፈው የወረዳ ትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ በሴቶች 1,500 ሜትር ትምህርት ቤታችንን ወክዬ እንደሮጥኩ ታስታውሳላችሁ። ቲቸር የመጨረሻው ዙር ደወል እስኪደወል ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሆኜ እንድቆይ ነግረውኝ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ያለማመዱኝ እሱን ነው። እኔ ግን ጓደኞቼ ዳር ቆመው ስሜን ሲጠሩ ሰማሁና ገና በመጀመሪያው ዙር ፈተለክሁ። ለአንድ ዙር ጀግና ነበርኩ። መጨረሻው ላይ እግሬ እንጨት ሆነ። 5ኛ ወጣሁ። ቲቸርን ቀና ብዬ ሳላይ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ አልተቆጡኝም። የእያንዳንዱን ዙር ሰዓቴን የጻፉባትን ትንሽ ወረቀት ሰጡኝ። የመጀመሪያው ዙር 1 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ፣ የመጨረሻው ሙሉ ዙር 1 ደቂቃ ከ50። እኔ ግን ሊያሳፍሩኝ መስሎኝ ወረቀቷን ከክፍል ወጥቼ ቀደድኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ አልሄድኩም። ቲቸርም ምንም አላሉኝም።

አያቴ ቡና ስንለቅም ሁልጊዜ የምትቆጣን ቀዩን ትተን አረንጓዴውን ስንቀጥፍ ነው። ችኩል ልጅ ቅርጫቱን ቶሎ ይሞላል፣ ቡናው ግን ዋጋ የለውም። እኔም በዚያ ቀን አረንጓዴውን ነው የቀጠፍኩት። ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ስድብ እንዳልነበረ የገባኝ ኒስካነን ለአበበ ሰዓት ይይዙለት እንደነበር ሳነብ ነው። ሰው ተስፋ የቆረጠበትን ልጅ ሰዓት አይዝለትም።

ወገኖቼ፣ ቲቸራችን በዚህ ሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ፊሽካቸውን አንሰማም። ሽኝት እንደሚዘጋጅ ሰምቻለሁ። መዝሙር ይኖራል፣ ንግግር ይኖራል፣ ቡና ይፈላል፤ ጥሩ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ለመጨመር ከዳይሬክተራችን ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ከሽኝቱ በፊት ሜዳችን ላይ 1,500 ሜትር እሮጣለሁ፤ ቲቸር ሰዓት ይይዙልኛል። አብሮኝ መሮጥ የሚፈልግ ተማሪ ካለ፣ ሴትም ወንድም፣ ስሙን ለክበባችን ይስጥ። ዳር ቆማችሁ የምታዩ ደግሞ እባካችሁ እስከ መጨረሻው ዙር ስሜን አትጥሩ!

ለቲቸር ይቅርታ በቃሌ መጠየቅ አፍሬ አልቻልኩም፤ ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። ወረቀቷን ቀድጃታለሁ፣ ቁጥሮቹን ግን አልረሳኋቸውም። ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጡረታዎ የጤና ይሁንልዎ።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ ሮም ላይ አበበ ሮጦ ያለፈው የአክሱም ሐውልት ወደ አገራችን የተመለሰው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው? መልሱን ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ጨምሩ። ቀድሞ ለመለሰ እስክርቢቶ እንሸልማለን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!